በሰዓቱ የመጣ ሰው ምን በደለ?

አሁንስ በዛ! ዛሬም ደሴ ላይ ያው ነገር ተደገመ። የእግር ኳስ ጨዋታው 9 ሰዓት ነው ተባለ። ሰዓቱ ሲደርስ ድምፅ ማጉያው «ደጋፊዎች እየገቡ ስለሆነ ትንሽ ታገሱ» አለን።

እኛስ ደጋፊ አይደለንም? ሱቁን ዘግቶ የመጣው፣ ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ በሰዓቱ የተቀመጠው ምን አጠፋ? የዘገየው እኮ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ቡናውን እየጠጣ ነበር!

ተጫዋቾቹንስ ማን አሰበላቸው? አሟሙቀው ጨርሰዋል። ላባቸው በደሴ ብርድ ደረቀ። በቀዘቀዘ ጡንቻ ሩጡ ሊባሉ ነው። አንዱ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል? የእግር ኳስ ሕጉ እኮ ለእረፍት እንኳ ከ15 ደቂቃ በላይ አይሰጥም። እኛ ጋ ገና ፊሽካ ሳይነፋ ከዚያ በላይ ያልፋል።

ሲመሽስ? ጉሙ ወርዶ፣ ታክሲው ጠፍቶ፣ የኮምቦልቻው ሰው በምን ይመለስ?

ችግሩ የበር ሰልፍ ከሆነ በሩን ቀደም ብላችሁ ክፈቱ። ትኬት ቆራጭ ጨምሩ። ይሄ ይከብዳል? የዘገየ ሰው የመጀመሪያው ጎል ይለፈው። በቀጣዩ ጨዋታ ቀድሞ ይመጣል። ፊሽካውን በሰዓቱ ንፉት!