ልብ ግዛ

እናቴ «ልብ ግዛ!» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ዋጋውን ግን አንድ ቀንም ነግራኝ አታውቅም። የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ምን አለሽ ተራ አይጠፋም ነበር። ትንሽ ያገለገለም ቢሆን አልጠላም።

ደግሞ ልብ ለጠፋበት ሰው ምትክ የተዘጋጀ ይመስል «ቀልብ» የሚባልም አለ። ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ እዚያም ትርጉሙ ያው ልብ ነው። እኔ ሁለቱንም ጥያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ሽሮ ጣደችና «ሱቅ ደርሼ እስክመለስ ማማሰል ብቻ ነው» ብላኝ ወጣች። ማማሰል ብቻ! ማማሰያውን በቀኝ፣ ስልኬን በግራ ያዝኩ። ቴሌግራም ላይ የዕድራችን ሰዎች በድንኳን ኪራይ ተያይዘዋል። እኔ ድንኳን አልፈለግሁ፣ ሰው አልሞተብኝ። ግን ጭቅጭቁ ይጥማል፤ አንዱማ ገንዘብ ያዡን «ሒሳቡን አምጣ» ብሎ ፋታ ነሥቶታል። ሽሮዋ ተንተከተከችና ሸሚዜ ላይ ተፈናጠረች። ጠረግ አድርጌ ንባቤን ቀጠልኩ። ከዚያ ዝም አለች። ሽሮ ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነው፤ ይህን አሁን ነው የማውቀው። ባለቤቴ ከበሩ ላይ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ስትል እጄ አሁንም ያማስላል። ማማሰያው ግን ከድስቱ ከወጣ ቆይቷል። አየር ነው የማማስለው።

«ይሄ ስልክ ነው ያጠፋህ» አለችኝ። ስልኩን ማማት ደስ ይላል፤ መልስ አይሰጥም። እውነቱን ለመናገር ግን የእኔ ልብ መዞር የጀመረው ስልክ ሳይኖረኝ ነው። በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ የገባሁት ስልኬን አጥፍቼ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር።

ጫማ አውልቆ መግባት ደንብ ነው። አዲስ ጫማ አውልቆ መግባት ግን ፈተና ነው። ጥቁር፣ ባለ ማሰሪያ፣ ገና ሁለተኛ ቀኑ! ወንጌል ሲነበብ ዞር ብዬ አየሁት፤ አለ። እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲባል ግራና ቀኝ እጅ ነሣሁ፤ በዚያው አንገቴን ወደ በሩ ሰገግ አደረግሁ። አለ። ወዲያው ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» አሉ። ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ ማለታቸው ነው። ሕዝቡም «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብሎ ይመልሳል፤ ልባችን በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ ነው። እኔማ ከሁሉም ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የመለስኩት። ልቤ ደጃፍ ላይ ጫማ ይጠብቃል።

ቅዳሴው አለቀ። ወጣሁ። ጫማዬ አለ፤ ተመስገን! ስልኬን ከመክፈቴ ባለቤቴ ደወለች። «ስትመጣ ሎሚ፣ ደግሞ ሽሮ፤ የትናንቱን ታውቀዋለህ።» ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል አጣብቄ፣ ማሰሪያዬን ሸብ አድርጌ መንገድ ጀመርኩ። ታክሲ ተራ ስደርስ ጣቶቼ ሰፊ ቤት የተከራዩ መሰለኝ። አውልቄ ቁጥሩን አየሁ። 43። እኔ 41 ነኝ።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። ደጃፉ ላይ የቀሩት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። በካልሲ ቆመው የእኔን 41 በእጃቸው ያገላብጣሉ። ጫማቸውን አውልቄ አቀበልኳቸው። እግሬን አዩ፣ ፊቴን አዩ።

«ልጄ፣ ለመሆኑ ልብህ የት ነው ያለው?» አሉኝ።

ከአንድ ሰዓት በፊት በሕዝብ መሀል፣ ያውም በግእዝ የመለስኩት ጥያቄ ነበር። አሁን ልድገመው ብል አንደበቴ ተሳሰረ።