ሽብርቅ ሲቀነስ ቅ

መስከረም ሲጠባ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ የከረመ አንድ ቃል ይነቃል። “ጋራ ሸንተረሩ በአደይ አበባ አሸብርቆ…” ይላል ጋዜጠኛው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ፣ ያ ጋራ ሸንተረር ሌላ ነገር ሆኖ አያውቅም። “ጋራው ላይ አበባ ወጥቷል” ያለ ጋዜጠኛ ካለ ከሥራ ተባሯል ማለት ነው።

ቃሉ ራሱ ግን አይታማም። “ሽብርቅርቅ” ሲባል ጆሮ ቀለም ያያል። ለጥበብ ቀሚስ ጥለት፣ ለታቦት ጃንጥላ፣ አበባ ለለበሰ መስክ የተሰፋ ነው። በእኔ ግምት አንድ ጽጌረዳ ብቻውን አያሸብርቅም፤ ያምራል እንጂ። ለማሸብረቅ ብዛት ያስፈልጋል፣ የቀለም ድብልቅ ያስፈልጋል፣ ትንሽም ልክ ማለፍ ያስፈልጋል። ዛሬማ ፎቁም፣ ባጃጁም፣ የልደት ኬኩም ያሸበርቃል።

አሁን “ሽብርቅ” ከሚለው ላይ “ቅ”ን አንሡና የቀረውን አንብቡት። እኔ ይህን ሒሳብ የተማርኩት የእህቴ ልጅ ስትዳር ነው።

ዲኮር የሚሠራው ልጅ ሶፋችን ላይ ተቀምጦ ስልኩን አወጣ። “ጋሼ፣ ሽብርቅ ያለ ነው የምትፈልጉት ወይስ ሲምፕል?”

ኪሴን ዳበስኩና “ሲምፕል” አልኩ።

ሲምፕሉ በአርባ ሺህ ብር ይበልጣል።

“እንዴት ነው ነገሩ?”

“ሲምፕል ይከብዳል ጋሼ።”

እህቴ በዚህ መሀል ገባችና “ሽብርቅ ያለው ይሁን፤ ወንድም ጋሼ አለላት” ብላ ፈረደች። ሽብርቁን ለልጇ፣ ሽብሩን ለእኔ ደለደለች።

የሠርጉ ቀን አዳራሹ ስንገባ በሩ አበባ፣ ጣራው አበባ፣ ሙሽሮቹ የሚቀመጡበት ወንበር አበባ። ሙሽራው ከአበባው መሀል አንገቱን ብቅ አድርጎ ሲታይ የበቀለ እንጂ ያገባ አይመስልም። ሁሉም ታዲያ ፕላስቲክ ነው፤ የቻይና። በአበባ ንግድ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥሎ ስማችን ይጠራል። የዝዋይና የሆለታ ጽጌረዳ ሌሊቱን በአውሮፕላን ሆላንድ ይገባል። እኛ ደግሞ ፕላስቲኩን በመርከብ ጅቡቲ አስገብተን፣ በከባድ መኪና ዳገት አስወጥተን እንድርበታለን። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. “አዲስ አበባ” ብለው ሲሰይሟት አዲስ ያሉት ይህንን አልነበረም።

ከደብረ ብርሃን የመጡት አክስቴ ገበታው ላይ ካለው ማስቀመጫ አንዱን ጽጌረዳ ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። አሸተቱ። ገልብጠው ከግንዱ በኩል አሸተቱ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው “ይሄ ጉንፋን ዘንድሮ አለቀቀኝም” አሉ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴ አልቻለም። “የደጋ ብርድ ነው እትዬ” አልኳቸው።

ዋናው ሽብር የመጣው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እንግዳው ወጥቶ አስተናጋጆች ሳህን ሲሰበስቡ፣ የዲኮሩ ልጅ ካርቶን ይዞ አበባ ይቆጥራል። አበባው ኪራይ ኖሯል! ጠረጴዛ በጠረጴዛ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጥሮ ሲያበቃ ወደ እኔ መጣ።

“ጋሼ፣ አንድ ቀይ ጎድሏል።”

ከመያዣው ላይ ተቆረጠብኝ። በእንቅልፍ ዓይኔ ቤት ስገባ ሳሎኑ ጨልሟል፤ አክስቴ ፍራሽ ላይ ተኝተዋል። ራስጌያቸው ባለው ብርጭቆ ውስጥ ቀዩ ጽጌረዳ ቆሟል። ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል፤ እንዳይጠወልግ።