30 ዓመት የመረብ ኳስ ማብቂያ አይደለም

ወንድሜ፣ ትናንት ፒያሳ ሻይ ስንጠጣ እህትህን «ሴት ልጅ 30 ከሞላት ቮሊቦል አበቃላት፣ በዚያ ላይ አጭር ነሽ» አልካት። ፊቷ ሲጠቁር አየሁ። ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ። እዚህ ደሴ ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም።

ብራዚላዊቷን ፎፋኦን ተመልከት። የተወለደችው በ1970 ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው። ከባርሴሎና 1992 እስከ ቤጂንግ 2008 ድረስ በ5 ኦሎምፒኮች አገሯን ወክላለች። በ1996 እና በ2000 ነሐስ አገኘች። ወርቁስ መቼ መጣ? ቤጂንግ ላይ፣ በ38 ዓመቷ! ያውም የውድድሩ ምርጥ ሴተር ተብላ። ከዚያም እስከ 2015 በክለብ ተጫውታለች። 45 ዓመቷ ነበር እኮ!

ሴተር ማለት ለመቺዎቹ ኳስ የምታመቻች ናት። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ንክኪ የምትነካው እሷ ነች። የተጋጣሚን መከላከያ አይታ፣ ኳሱን ለማን እንደምትሰጥ በቅጽበት ትወስናለች። ለዚህ ደግሞ ዓይንና ልምድ ከዝላይ ይበልጣሉ። ልምድ የሚመጣው በዕድሜ ነው።

ቁመቱንም ቢሆን፣ ጃፓናዊቷ ሴተር ዮሺዬ ታኬሺታ 1.59 ሜትር ናት። ለንደን 2012 ላይ በ34 ዓመቷ ነሐስ ወስዳለች።

እርግጥ ዘላ የምትመታ ተጫዋች ጉልበቷና ትከሻዋ ቶሎ ሊጎዳ ይችላል፤ እሱን አልክድም። እህትህ ግን ገና 28 ናት፣ ጣቶቿም ኳስ ያውቃሉ። እባክህ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ልምምድ አምጣት። ሴተር ሆና ትሞክር።