ትናንት ያበቃው ዛሬ ያበቃል

«የሙከራ ጊዜዎ ዛሬ ያበቃል፤ ይፍጠኑ!» የምትል ኢሜይል አካውንቱ ከተዘጋ በማግስቱ ስትደርስ ማንን ይወቅሱታል? ጁላይ 1 ለተመዘገበ ደንበኛ የ30 ቀን ሙከራ የሚያልቀው ጁላይ 31 ነው። በየቀጠሮው ራሱ የሚላከውን የኢሜይል ሰንሰለት የሠራው ሰው ግን ኢሜይሉ ምን ያህል ቆይቶ እንደሚወጣ በሚሞላበት የመጠበቂያ ሳጥን «1 ወር» የሚለውን መርጦ ወደ ቡናው ሄደ። ሶፍትዌሩ ታዛዥ ነውና ኦገስት 1ን ጠበቀ።

ለነገሩ ታዛዥነቱም እንደየቤቱ ነው። አንዳንዱ 1 ወር ሲባል 30 ቀን፣ ማለትም 720 ሰዓት ይቆጥራል። ሌላው ካላንደር ገልጦ በቀጣዩ ወር ያንኑ ቀን ይፈልጋል። ጃንዋሪ 31 ላይ የገባ ሰው ሲያጋጥመው ግን ፌብሩዋሪ 31ን ከየት ያምጣው? ድረ ገጽ የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒ የተረፉትን ቀናት ወደ ማርች ያፈሳቸውና ማርች 3 ይላል፤ ፌብሩዋሪ 29 በሚሆንበት ዓመት ደግሞ ማርች 2። የመረጃ ማከማቻው ሶፍትዌር ማይኤስኪውኤል እዚያው የወሩ መጨረሻ ላይ፣ ፌብሩዋሪ 28 ወይም 29 ላይ ይቆማል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ድርጅት ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ናቸው! «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ የተረተው ሰው ይህን ሳያይ መሞቱ ያሳዝናል። ፒኤችፒስ እንኳ አፍሶ አይለቅምም።

ወር መጨረሻ ላይ የሚቆመውም ቢሆን ጨዋ መሳዩ ነው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን በሆነበት ዓመት ከጃንዋሪ 28 እስከ 31 የገቡትን የ4 ቀን ሰዎች ሁሉ ፌብሩዋሪ 28 ላይ ያጭቃቸዋል። ቀጣዩ «1 ወር» ከዚያ ስለሚነሳ የ31ኛው ቀን ደንበኛ ማርች 28፣ ኤፕሪል 28 እያለ ይቀጥላል፤ የተቆረጡበት 3 ቀናት ዳግም አይመለሱለትም። ከተመዘገበበት ቀን ተነስቶ 1 ወር፣ 2 ወር፣ 3 ወር ብሎ ቢያሰላ ማርች 31 ላይ ወደ ቦታው በተመለሰ ነበር። ይህን ለማድረግ ምን ያህል ብልሃት ይጠይቃል?

የእኛ አቆጣጠር ይሻላል ብሎ የሚኮራም አይጠፋም። እውነት ነው፣ 12ቱ ወሮቻችን እኩል 30 ናቸው። ጳጉሜንስ? ከነሐሴ 30 ተነስቶ 30 ቀን የቆጠረ ሶፍትዌር መስከረም 25 ላይ ይደርሳል፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን 24 ላይ። ጳጉሜንን መዝለል ደግሞ ከሶፍትዌር በፊት የደመወዝ ከፋይ ልማድ ነበር። ደመወዝ 12 ይቆጥራል፣ ሆድ 13። የ13 ወር ጸጋ ብሎ ለቱሪስት የለፈፈ አገር ለሠራተኛው ሲሆን 13ኛዋን ወር ከየት እንደመጣች እንደማያውቅ ሆኖ ያልፋታል። ያውም በዓመት መለወጫ ዋዜማ፣ ዶሮ እሳት በሚሆንበት ሰሞን! ያለ ክፍያ የምታልፍ ወር «ወር» መባሏ ራሱ ስላቅ ነው።

ብቻ ወደ ሳጥኑ። 30 ቀን ማለት ከሆነ «30 ቀን» ተብሎ በቀን ይጻፍ። ማብቂያ ቀን ያለው ነገር ከሆነ መቁጠሩ ቀርቶ የማብቂያው ቀን በደንበኛው መዝገብ ላይ ይቀመጥና ኢሜይሉ ከእሱ 3 ቀን ቀደም ብሎ ይውጣ። ከመልቀቅ በፊት ጃንዋሪ 29፣ 30 እና 31 የገቡ 3 የይስሙላ ደንበኞች አስገብቶ የሚወጣላቸውን ቀን ማየት ነው። በ15 የገባ ደንበኛ የወር መጨረሻውን ጣጣ አያሳይም፤ ሁሉም የሚሞክረው ግን በ15 ነው።