ከተቃዋሚው ይልቅ የራሱን ወገን የሚፈራ እንደራሴ

«ረቂቅ አዋጁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚል ዜና እየሰማ ላደገ ጆሮ የአሜሪካ ኮንግረስ የፈረሰ ቤት ይመስላል። በ2010 ምርጫ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ፤ የቀሩት አንድ የመድረክ ሰውና አንድ የግል ተመራጭ ነበሩ። በ2015 እነዚያ ሁለቱም ቀሩ። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ፓርቲዎች ይተባበሩ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ማን ከማን ጋር? ዋሽንግተን ግን ጥያቄው የየዕለት ነው፤ ሀበሻ ካፌ ውስጥ የሚሰጠው መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «እነዚህ ሰዎች ከእንግዲህ አይስማሙም» ነው።

ይስማማሉ። በ2018 የፌዴራል እስረኞችን ቅጣት ያቃለለው ሕግ ከኮንግረስ ሁለት ምክር ቤቶች አንዱ በሆነው በሴኔት (ሌላው የተወካዮች ምክር ቤት ነው) 87 ለ12 አለፈ። በ2021 መንገድና ድልድይ የሚያድሰው 69 ለ30፣ በ2022 የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካዎችን የሚደጉመው 64 ለ33። ኮቪድ በገባ ሰሞን፣ ማርች 2020፣ ለየቤቱ ቼክ ያስላከው ሕግማ 96 ለ0 ነው፤ ያው የእኛው «በሙሉ ድምፅ»። ማን መቼ እንደሚስማማም አስቀድሞ መገመት ይቻላል፤ የሚያስፈልገውን የድምፅ ብዛትና የተመራጩን የምርጫ ዓመት ማየት ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩ። ሴኔት 100 ሰው ነው። ረቂቅ ለማጽደቅ 51 ይበቃል፤ ክርክሩን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ ግን 60 ያስፈልጋል። ፊሊበስተር የሚሉት ይህንን ነው። እንደ ድሮው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ መለፍለፍ ግድ አይደለም፤ 41 ሰው ክርክሩ አይዘጋም ካለ ረቂቁ ባለበት ይቀራል። ከ2025 ጀምሮ 53 መቀመጫ የያዙት ሪፐብሊካኖች መደበኛ ሕግ ለማሳለፍ ሰባት ሰው ከወዲያ መለመን አለባቸው። አንድ የጓሮ በር አለ፤ ሪኮንሲሌሽን ይባላል። ታክስን፣ ወጪንና ዕዳን ብቻ በሚመለከት ረቂቅ 60 አይጠየቅም። በ2022 የዴሞክራቶቹ የአየር ንብረትና የመድኃኒት ዋጋ ሕግ፣ በ2025 ደግሞ የሪፐብሊካኖቹ ትልቁ የታክስ ሕግ በዚሁ በር ወጡ፤ ሁለቱም 50 ለ50 ተከፍለው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሚዛኑን ሲደፉ። የጓሮው በር ክፍት ሲሆን የፊቱን የሚያንኳኳ የለም።

ቀጥሎ የምርጫው ዓመት። ሴናተር የሚመረጠው ለስድስት ዓመት ስለሆነ ሁሉም በአንድ ዓመት መራጭ ፊት አይቆሙም። ሁለቱ ፓርቲዎች በጤና መድን ድጎማ ተጣልተው ኦክቶበር 1 ቀን 2025 መንግሥት ተዘጋ፤ 43 ቀን፣ እስከዚያ ድረስ ከነበሩት ሁሉ ረጅሙ። አገር ቤት በጀት የሚጸድቀው ሐምሌ 1 ሳይጠባ ነው፤ በጀት ስላልጸደቀ መሥሪያ ቤት ተዘጋ ቢባል የሚያምን አይገኝም። እዚህ የፌዴራል ሠራተኛው ያለ ደመወዝ ከረመ፣ በ40 ትልልቅ ኤርፖርቶች በረራ እንዲቀነስ ታዘዘ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ እንጀራው ከኤርፖርት ጋር የተያያዘ የእኛ ሰው ደግሞ ስንት ነው! በመጨረሻ ስምንት የዴሞክራት ወገን ሴናተሮች ተሻግረው በጀቱ 60 ለ40 አለፈ። ስምንቱን አንድ በአንድ እዩአቸው። ዲክ ደርቢንና ጂን ሻሂን ሊሰናበቱ የወሰኑ ናቸው፤ የቀሩት ስድስቱ፣ የቨርጂኒያው ቲም ኬን ጭምር፣ በ2026 ምርጫ የለባቸውም። በቀጣዩ ዓመት መራጭ ፊት የሚቆም ከመካከላቸው አንድም አልነበረም።

በወዲያኛው ወገንም ያው ነው። የ2022ቱን የጦር መሣሪያ ሕግ 15 ሪፐብሊካን ሴናተሮች ደገፉት፤ በዚያ ዓመት ምርጫ የነበረባቸው ሊሳ መርካውስኪና ቶድ ያንግ ብቻ ነበሩ። አራቱ ጡረታ ወጪዎች ናቸው።

የሚፈሩት ተቃዋሚውን እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው የምርጫ ወረዳ ወይ ቀይ (ሪፐብሊካን) ወይ ሰማያዊ (ዴሞክራት) ሆኖ ስለለየለት ኖቬምበር ላይ የሚሆነው አስቀድሞ ይታወቃል። ቁርጡ የሚለየው ከዚያ በፊት በሚደረገው የፓርቲ ውስጥ ምርጫ፣ በፕራይመሪ ነው፤ ለእሱ የሚወጣው ደግሞ ጥቂት ሰው፣ ያውም የመረረው ነው። ኢሕአዴግን የሚያውቅ ሰው ግምገማን ያስታውስ። እዚያ ቢላው በላይኛው አመራር እጅ ስለሆነ አባሉ የሚፈራው አለቃውን ነው፤ አለቃው «ተስማማ» ካለ ይስማማል፣ አለቀ። እዚህ ቢላውን የያዘው መራጭነት የተመዘገበ ጎረቤት ነው፤ የፓርቲው መሪ ራሱ ከዚህ ቢላ ሊያድነው አይችልም። በተወካዮች ምክር ቤት የሪፐብሊካኑ ሁለተኛ ሰው የነበሩት ኤሪክ ካንተር ጁን 2014 ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ ሰው በማያውቃቸው የኢኮኖሚክስ መምህር ተሸነፉ። ከተነሱባቸው ክሶች ዋናው ለስደተኛ ለስልሰዋል የሚል ነበር።

የስደተኛው ነገር እኛንም ይነካል። ዲቪ ራሱ የሁለቱ ፓርቲዎች ትብብር ልጅ ነው፤ ዴሞክራቱ ቴድ ኬኔዲና ሪፐብሊካኑ አላን ሲምፕሰን የተደራደሩበትን የ1990 የኢሚግሬሽን ሕግ የፈረሙት ትልቁ ጆርጅ ቡሽ ናቸው። በ2013 ደግሞ አራት ዴሞክራትና አራት ሪፐብሊካን ሴናተሮች ሌላ ትልቅ ሕግ አርቅቀው ጁን 27 ቀን 68 ለ32 አሳለፉት። ረቂቁ ወረቀት ለሌላቸው ሚሊዮኖች የዜግነት መንገድ ይከፍት ነበር፤ ዲቪን ደግሞ ያስቀር ነበር። ከስምንቱ አርቃቂዎች አንዱ ቸክ ሹመር ናቸው፤ በ1990 ዲቪ እንዲገባ የለፉት እኚያው ሹመር። ሪፐብሊካኑ አፈ ጉባኤ ጆን ቤይነር ረቂቁን በተወካዮች ምክር ቤት ለድምፅ ሳያቀርቡት ቀረ። ስንቱ ሕጉ ባለማለፉ አዘነ፤ የዲቪ ዕጣ የተረፈችው በዚያው እንደሆነ ያስተዋለ ግን ጥቂት ነው።

አፈ ጉባኤ ለምን እንዲህ ያደርጋል? ከራሱ ፓርቲ ከግማሽ በላይ ያልደገፈውን አያቀርብም የሚል ያልተጻፈ ልማድ አለ፤ ወንበሩ ላይ የሚያቆየው የራሱ ወገን ነውና። ድምፅ ከወዲያ የተበደረ ምን እንደሚገጥመው የቀድሞው ሪፐብሊካን አፈ ጉባኤ ኬቨን መካርቲ ያውቁታል። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 መንግሥት እንዳይዘጋ ብለው ጊዜያዊ በጀት 335 ለ91 አሳለፉ፤ ከደጋፊዎቹ የሚበዙት ዴሞክራቶች ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ስምንት የገዛ ወገናቸው ሰዎች ከዴሞክራቶቹ ጋር ሆነው 216 ለ210 አወረዷቸው። የተበደሯቸው ሰዎች እጃቸውን አልዘረጉላቸውም። ተከታያቸው ማይክ ጆንሰን በኤፕሪል 2024 የዩክሬንን እርዳታ ከሪፐብሊካኑ የሚበዛው ተቃውሞት እያለ 311 ለ112 አሳለፉ፤ እሳቸውን ለማውረድ የቀረበው ሐሳብ ግን ዴሞክራቶች ስለተከላከሉላቸው 359 ለ43 ወደቀ። ልዩነቱ ብድሩን አስቀድሞ መነጋገር ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ ስንመለስ፣ የኮንግረስ ቢሮ ደጃፍ የሚመላለሱ ማኅበሮቻችን የሚይዙት ነገር አለ። ኤፕሪል 10 ቀን 2018 ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ያለፈውን 128 ቁጥር የውሳኔ ሐሳብ ውሰዱ። አቅራቢው የኒው ጀርሲው ሪፐብሊካን ክሪስ ስሚዝ፣ አብረው ከፈረሙት አንዷ የካሊፎርኒያዋ ዴሞክራት ካረን ባስ፤ ብዙ ሀበሻ የሚኖርባትን የኮሎራዶዋን ኦሮራን ያኔ ይወክሉ የነበሩት ማይክ ኮፍማንም ገፉበት። ያለፈው በአቋራጭ ሥርዓት ነው፦ 40 ደቂቃ ክርክር፣ ማሻሻያ የለም፣ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ። የተወካዮች ምክር ቤት ከሚያሳልፈው የሚበዛው በዚሁ መንገድ ያልፋል፤ ቴሌቪዥን ስለማያሳየው አይታወቅም። መንገዱ ከሁለቱም ፓርቲ ፈራሚ ይፈልጋል፤ ፈራሚዎቹም የውጭ ጉዳይ ኮሚቴው አባላት ቢሆኑ ይመረጣል። ጉዳዩ አንድ ጊዜ በኬብል ዜና የአንዱ ፓርቲ ባንዲራ ከሆነ ሁለት ሦስተኛውን መርሳት ነው። የውሳኔ ሐሳብ ሕግ እንዳልሆነም ማወቅ ያሻል፤ ያሳስባል እንጂ አያስገድድም።

ትብብሩ በተቃራኒው ሊመጣም ይችላል። በፌብሩዋሪ 2022 የቀረበው ኤችአር 6600፣ ብዙው ዳያስፖራ ማዕቀብ ነው ብሎ የተሰለፈበት፣ እሱም የሁለት ፓርቲ ረቂቅ ነበር፤ ዴሞክራቱ ቶም ማሊናውስኪ ከሪፐብሊካኗ ያንግ ኪም ጋር ያቀረቡት። ለምልዓተ ጉባኤ ሳይቀርብ ማሊናውስኪ በኖቬምበር መቀመጫቸውን አጡ፤ ረቂቁም ጃንዋሪ 3 ቀን 2023 የኮንግረሱ ዘመን ሲያበቃ አብሮ ሞተ።