ከሴቶች በኩልስ?

ፋሲል ግንብ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ደስ ይላል። ግን ግንብ ድንጋይ ነው፤ ቆሞ ከመጎብኘት በቀር ሥራ የለውም። መመዝገብ የነበረበት የእኛ የጎንደሬዎች የስብሰባ ጆሮ ነበር። ይኼ ጆሮ ሥራ አይፈታም። አንዱን ሐሳብ ከነጠላ ውስጥ ሲወጣ ሰምቶ ያሳልፈዋል፤ ያንኑ ሐሳብ ከኮት ውስጥ ሲወጣ ቀልቦ ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ወንፊት በየትኛው አገር ይገኛል?

ከሁለት ወር በፊት የሰፈራችን እድር እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተሰበሰበ። ወንዶቹ በእድሩ ፕላስቲክ ወንበር ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ በአግዳሚ ላይ፣ አግዳሚው የሞላባቸው ደግሞ ድንጋይ ላይ። እንዲህ ተቀመጡ ብሎ ያዘዘ የለም፤ ሁሉም ቦታውን ያውቃል።

አጀንዳው ድንኳን ነው። እድሩ ድንኳኑንና ዕቃውን አባል ላልሆነ ሰው ያከራያል፤ ሲመለስ ግን ወንበር ይጎድላል፣ ካስማ ይጠፋል፤ ትልቁ ብረት ድስትማ ያለ ክዳኑ ከተመለሰ ወር አልፎታል። አንዱ «ይከሰሱ» አለ፣ ሌላው «ለውጭ ሰው ማከራየት ይቅር» አለ፣ ሦስተኛው ስለ ድሮ ሰው ታማኝነት በሰፊው አስረዳ። ስለ ክዳኑ ብቻ ሃያ ደቂቃ ተወራ። ያኔ ሰብሳቢው እንደ ቸር አባት አንገታቸውን ወደ ኋላ አሰግገው፣ «እስኪ ከሴቶች በኩልስ?» አሉ።

ይህችን አነጋገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ስንት ዓመት ስብሰባ ስቀመጥ «ከወንዶች በኩልስ?» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ወንድ በኩል የለውም፤ ወንድ ስብሰባው ራሱ ነው። በኩል ያላት ሴት ናት፤ እሷም ተራዋ የሚደርሰው ወሬው ሲያልቅና ሰዉ ሰዓቱን ማየት ሲጀምር ነው። አንዷ ከተናገረች ደግሞ በኩሉ ሞላ ማለት ነው፤ ሁለተኛዋ እጇን ብታወጣ «ከሴቶች በኩል ተነግሯል እኮ» ትባላለች።

ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ አንዲት እናት ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፉና፣ «እኔ እንግዲህ ብዙም አላውቅ፤ ግን ማስያዣ ብናስይዝስ? እኔ ለደንበኛ ጆንያ ሳውስ ብር አስይዛለሁ። ጆንያዬን ሲመልስ ብሩን እመልስለታለሁ። እስካሁን አንድ ጆንያ አልጠፋብኝም» ብለው ተቀመጡ።

ከኋላ ሕፃን አለቀሰ። ከፊት አንዱ አዛጋ። «እናመሰግናለን፤ ሌላስ?» አሉ ሰብሳቢው።

ሌላ አለና! ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ተነሡ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተከበራችሁ የእድሩ አባላት፣ እንደሚታወቀው ንብረቱ የጋራችን ነው። ከዚህ አኳያ የማስያዣ ሥርዓት ብንዘረጋስ?» ጭብጨባው ደጀ ሰላም ድረስ ተሰማ። «ይኼ ነው የተማረ ሰው!» ያለም አለ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ (ያስያዟት ጽሕፈቷ ስለሚያምር ነው፤ ይህም አንዱ የሴት መብት ነው) እስክሪብቶዋ አየር ላይ ቆመ። አጠገቧ ነበርሁና አየሁ። ወደ አግዳሚው ዞር አለች፤ ከዚያ በሚያምረው ጽሕፈቷ «በአቶ እገሌ አቅራቢነት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብላ ጻፈች። እናትየውስ? ከሁሉ አስበልጠው አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብሁ፤ መዋሸት አልወድም።

አሜሪካኖች ይህን ለማወቅ የደከሙት ድካም ያሳዝነኛል። ሴሲሊያ ሪጅዌይ የሚባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ሶሲዮሎጂ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ባሰሙት ንግግር፣ ሰው ስለ እኩልነት መጓደል ሲያወራ ሀብትና ሥልጣን ላይ ያተኩራል፣ ክብርን ግን ቸል ይላል አሉ። ማን ይበልጥ ያውቃል፣ የማን ቃል ይደመጣል የሚለውን ማለታቸው ነው፤ «ሁሉም ሰው ያውቀዋል» ብለን የምንይዘውን እምነት። ሀብቱንና ሥልጣኑን የያዘውን ሰው «ይገባዋል» የሚያሰኘው ይኸው እምነት ነው ባይ ናቸው።

ከባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጉትን ሙከራ ደግሞ ስሙልኝ። ሰዎችን ትርጉም በሌለው ልዩነት ለሁለት ከፈሏቸው፤ ከዚያ በሥራ ላይ አንደኛው ወገን ሲመራ ሌላኛው ሲከተል እንዲያዩ አደረጉ። ሁለት ዙር በቂ ነበር። «አብዛኛው ሰው ያኛውን ወገን ይበልጥ ያከብረዋል፣ ዐዋቂም ነው ይለዋል» ብለው አመኑ። ጉዱ ተከታይ የተደረጉትም ይህንኑ ማመናቸው ነው። እኛ ዘንድማ ዙሩ ከቅድመ አያት የጀመረ ስለሆነ ቆጣሪም የለው። እናትየው ለምን እንዳጨበጨቡ ላቦራቶሪ ሳልረግጥ ገባኝ።

ከሳቸው በፊትም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፍሬድ ስትሮድቤክ የሚባል ተመራማሪ፣ ከሕዝብ መካከል ተመርጠው ለሙከራ በፈራጅነት የተሰየሙ ሰዎችን አጥንቶ ነበር። ወንዶቹና ትልቅ ሥራ ያላቸው ብዙ ይናገራሉ፤ ከጠረጴዛው ራስጌ የተቀመጠም ሰብሳቢ ሆኖ የመመረጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ራስጌ! እኛ ጠረጴዛ እንኳ የለንም፤ በፕላስቲክ ወንበር ብቻ ይኼንኑ ውጤት እናመጣለን።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይል ነበር። በኋላ ተሻረ። ራሱ ተሽሮ ወዴት ሄደ ያላችሁ እንደሆነ፣ እድራችን ውስጥ ከፊት ተቀምጧል።

የሴት ታሪክ የላችሁም እንዳትሉን ደግሞ። እቴጌ ምንትዋብ እ.ኤ.አ. በ1730 ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በሕፃንነቱ ሲነግሥ፣ ዘውድ ጭነው አብረው አገር ያስተዳደሩት እዚሁ ነው። ቁስቋምን ያሳነጹት እሳቸው ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ይዘን ወደዚያ እንወጣለን፤ ደረታችንን ነፍተንም «ሴት ሆና!» እንላለን። («ሴት ሆና» የማዕረግ ስም ናት፤ ከደጃዝማች ትንሽ ዝቅ ትላለች።) ዛሬ እቴጌይቱ ወደ እድራችን ብቅ ቢሉ አናሳፍራቸውም፤ ገንዘብ ያዥ እናደርጋቸዋለን። ሴት ገንዘብ አታጎድልም። ወጪው ላይ ግን ሊቀመንበሩ ይፈርማሉ።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ስድብ የሚመስለው ሰው አለ። የአሠራር መመሪያ ነው እንጂ። እድራችን ቃል በቃል ነው የሚሠራበት።

ማስያዣው ሠራ። ወንበር መጉደል ቀረ፤ ክዳኑም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አንድ ማለዳ ድስቱ ላይ ተገኘ። ባለ ኮቱ ሰውዬ ሲመሰገኑ «ኧረ የጋራ ሐሳብ ነው» ይላሉ፤ ትሕትናቸውስ!

ባለፈው እሑድ ደግሞ የመዋጮ ውዝፍ ጉዳይ ነበር። ስብሰባው ሳይጀመር እናትየው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ባለ ኮቱን ሰውዬ ጠጋ ብለው ሲያዋሩ ደረስሁ። «ጋሼ፣ ያው አንቱ መናገርዎ ስለማይቀር አሁኑኑ ልንገርዎት። ጉልበቴን ያመኛል፣ መነሣት መቀመጡ ይቅርብኝ።» ሰውየው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው በጥሞና ሰሙ። ኮታቸውን ቆለፉ። የውዝፉ ነገር በአምስት ደቂቃ፣ በሙሉ ድምፅ አለቀ።

«ዛሬስ ከሴቶች በኩል ምንም የለም?» አሉ ሰብሳቢው።

«የለም» አሉ እናትየው ከአግዳሚው።