«በሴት የተያዘች ናት» የሰርቪስ ደብተር አይሆንም

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ወጥታችሁ ምን መቼ እንደተቀየረ የሚመዘገብበትን የሰርቪስ ደብተር ብትጠይቁ ደላላው ከት ብሎ ይስቃል። «ወንድሜ፣ ሊብሬው አለ፣ ቦሎው አለ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ቀጥሎ ታሪኩ ይመጣል። በሴት የተያዘች ናት። የዶክተር ናት። ከቤት ቢሮ ብቻ ነው የሄደችው። ሞተሯ አልተነካም። (ይቺ «አልተነካም» ሁሌ ትገርመኛለች። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካው ሞተር ያስፈራል እንጂ ምኑ ደስ ይላል?)

ባለፈው ክረምት ከወንድሜ ጋር አንዲት ቪትስ ለማየት ሲኤምሲ ሄድን። ቀለሟ ያበራል። የኪሎ ሜትር ጌጁ 68,000 ይላል። ወንድሜ ገና ከበር ሲያያት ልቡ ሄዷል። እኔ ጎንበስ ብዬ የፍሬን ፔዳሉን አየሁ። ጎማው አልቆ ብረቱ ሊወጣ ደርሷል። መሪውም በእጅ ብዛት ተልጦ ያብለጨልጫል። 68 ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲህ አያደርግም። ኮፈኑን ስናስከፍት በሽቦ የታሰረች፣ ቅባት የጠጣች፣ ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀየር የሚጻፍባት የዘይት ካርድ አገኘን። በእስክሪብቶ «ቀጣይ 147,000» ተብሎ ተጽፎባታል። ደላላው ምንም ሳይደነግጥ «ጌጁ ተቀይሮ ነው» አለ።

ሊሆን ይችላል። ደብተር የሌለው ሁሉ አጭበርባሪ ነው አልልም። አብዛኞቻችን ዘይት የምናስቀይረው ሰፈር ውስጥ ነው። ደረሰኝ አንጠይቅም፣ ብንቀበልም ከሱሪያችን ጋር ታጥቦ ያልቃል። እኔን የሚያናድደኝ ግን ደብተር ለሌላት መኪና ደብተር እንዳላት አድርገን መክፈላችን ነው።

ሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይነግራችኋል። ቦሎው መኪናዋ በምርመራው ቀን ማለፏን ይነግራችኋል። የካምቢዮ ዘይት መቼ እንደተቀየረ ሁለቱም አያውቁም። ስለዚህ ያልተጻፈውን ሁሉ እንዳልተሠራ ቁጠሩት። የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ ካንዴላ። የሞተሩን ክፍሎች አስማምቶ የሚያዞረው ታይሚንጓ በቺንጊያ (በጎማ ቀበቶ) ከሆነ እሱም ይጨመር፤ ብዙዎቹ የድሮ ቶዮታዎች 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞሉ ይቀየርላቸዋል፣ ከተበጠሰ መንገድ ላይ መቅረት ነው። ቪትስ በካቴና (በብረት ሰንሰለት) ናት፤ ዘይት የተነፈገ ካቴናም ግን ይረዝማል፣ ጠዋት ስትነሳ ይንኮሻኮሻል። ለምታምኑት መካኒክ ዝርዝሩን ስጡትና ዋጋውን ያስላላችሁ። ድምሩ ከመኪናዋ ዋጋ ላይ ይነሳ።

ልታዩ ስትሄዱ ሞተሩን እንዳያሞቁት አስቀድማችሁ ንገሩ። የሞቀ ሞተር ብዙ ድምፅ ይደብቃል። የዘይት ክዳኑን ክፈቱ። ውስጡ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዝቃጭ ካለ፣ ዘይቱ ሳይቀየር ከርሟል። ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካለ ደግሞ ዘይትና ውሃ ተገናኝተው ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን እዚያው ተሰናብቼ እሄዳለሁ።

«አሁን ማን ይቀንስልሃል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሻጭ ኮርቷል። እዚሁ ያሉት መኪኖች ናቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት። እኔ ደግሞ ለዚሁ ነው የምፈራው፤ ጌጅ በየእጁ ሊመለስ ይችላል።

ከሳምንት በኋላ ያ ደላላ ደወለ። ቪትሷ በተጠራው ዋጋ ተሸጣለች፣ ሌላ ሊያሳየን ነው። ገዢው ስለ ዘይት ካርዷ ምን እንዳለ ጠየቅኩት።

«የቷ ካርድ?» አለኝ።